ከዘፈኑ ጀርባ ያለው ኑሮ

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ባንድ ለማቋቋም የሚነሳ ወጣት መጀመሪያ የሚቸግረው ቦታ ነው። ቤቱ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ድራም ከተመታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ለቅሶ ካለ ልምምድ የለም። ድንኳን ተተክሎ ሳለ ጊታር የሚያጮህ ልጅ ወላጆቹንም ዕድሩንም ያስቀይማል። በዐቢይ ጾም ዘፈን የማይሰሙ ጎረቤቶች ብዙ ናቸው። መብራት ሲሄድ ደግሞ አምፕሊፋየሩም ኪቦርዱም ዝም ይላሉ። ይህን ሁሉ ችለው ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ የሚለማመዱ፣ ከሙዚቃ ገና አንድ ብር ያላገኙ ልጆችን ነው አማተር የምንላቸው።

አብዛኞቹ የሚጀምሩት በሰው ዘፈን ነው። የጥላሁንን፣ የማሕሙድን፣ የአስቴርን ሥራ ይጫወታሉ፤ ሰርግና ልደት ላይ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ግን ከመካከላቸው አንዱ «የራሳችንን እንሥራ» ይላል። እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ የራሳቸውን ዘፈን ከምን ይሠሩታል? በእውነት የሆነ፣ በእውነት ሰው ላይ የደረሰ ነገር ዘፈን ውስጥ ሲገባስ ምን ይሆናል?

ለዘፈን የሚሆን ጉዳይ ከተፈለገ ኮልፌ ሞልቷል። በ1954 ዓ.ም ክረምት ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ በሚገኘው የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ሻለቃ ሠፈር ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ቢሆንም ድርጅታቸው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ስለጠራቸው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተቋረጠ። ሲሰናበቱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት እንደሰጧቸው ማንዴላ ራሳቸው በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። ደቡብ አፍሪካ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ ከእስር የወጡት ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ኮሎኔሉም ኋላ ጄኔራል ሆነው በደርግ እጅ በሞት ተቀጡ። ሁለት ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ተገናኝተው የተለያዩበት ይህ ታሪክ ብቻውን አንድ አልበም ይወጣዋል።

ወደ ዘነበወርቅ ሲኬድ አለርት ሆስፒታል አለ። በ1958 ዓ.ም የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ነው። ታክመው የዳኑ ሰዎች ወደ መጡበት አገር መመለስ ከብዷቸው እዚያው አካባቢ ሰፈሩ፤ ልጅ ወለዱ፤ የልጅ ልጅ አዩ። ሴቶቹ በሽታው የጎዳው ጣታቸው መርፌ ይዞ የሚጠልፉት ጥልፍ በከተማው የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ባሕር ዛፍ በትከሻቸው ሲያወርዱ የሚውሉት የአጠና ተራ ሠራተኞች አሉ። ከአያት የሚነሳው ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ጦር ኃይሎች ሲደርስ ጉዞውን ይጨርሳል፤ ማታ ማታ ከሥራ የሚመለሰው ሕዝብ እዚያ ወርዶ ወደ አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ወደ ቤቴል፣ ወደ አየር ጤና ይበተናል። እዚህ ሰፈር ያደገ ልጅ የዘፈን ጉዳይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

ሥጋ ደዌና ዘፈን በአገራችን የቆየ ዝምድና እንዳላቸው እዚህ ላይ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ላሊበሎች፣ ሐሚናም ይባላሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ባልና ሚስት ሆነው በሰው ደጅ ቆመው ያዜማሉ። ዘፈናቸውን ካቋረጡ ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምኑ እንደነበር ይነገራል። ወደ አንድ ቤት ከመቅረባቸው በፊት ጎረቤት ይጠይቃሉ፦ የአባወራው ስም ማን ነው? ሥራው ምንድን ነው? ልጅ አለው? የሰሙትን ወዲያው በግጥም አስገብተው ሰውየውን በስሙ ያወድሱታል፤ ምጽዋት ሲቀበሉም ይመርቁታል። የሰውን እውነተኛ ኑሮ ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ በዚያው ጠዋት ዘፈን የማድረግ ሙያ ከጊታርና ከድራም በፊት በየደጃችን ነበር። አዝማሪውም በጠጅ ቤት ያደረገው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ዘመናዊው ባንድ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ወደዷቸውም፤ አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ የለበሰ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ፤ መሣሪያውም የመንግሥት ነበር።

የዚያ ዘመን ዘፈኖች ታሪክ ከፖለቲካ የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው። ጥላሁን ገሠሠ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ጥላሁንም ከታሰሩት መካከል ተገኘ። «አልቻልኩም» የተባለው ዘፈኑ ላይ ላዩን የፍቅር ነው፤ የዚያ ጊዜ አድማጭ ግን ሌላ ነገር ሰማበት። የአንድ ዘፈን እውነተኛ ታሪክ ገጣሚው ከጻፈው ጋር እንደማያበቃ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ግማሹን የሚጽፈው ያ የተጨነቀ አድማጭ ነው።

ማሕሙድ አሕመድ የመጣው ከሌላ መንገድ ነው። ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጓል። ኋላም አሪዞና በተባለ የምሽት ክለብ ተቀጥሮ እየሠራ ሳለ አንድ ማታ ድምፃዊ ሲቀር ዘፈነ፤ የሰሙትም ክብር ዘበኛ አስገቡት። «እሬ መላ መላ»ን እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲቀዳ ያ ድምፅ የተሠራው በመንገድ ላይ ኑሮ መሆኑን መርሳት አይቻልም። ዘፈኑን እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ያለው ክራምድ ዲስክስ አሳትሞት አውሮፓ ሰማው። ግጥሙን የማይረዳ ሰው እንኳ መላ ያጣ ሰው ድምፅ መሆኑ አይጠፋውም።

ጊታሩና ሮኩ የገቡት በዚሁ ዘመን ነው። አሥመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ጣቢያ፣ በቃኘው፣ ሬዲዮ በኩል የኤልቪስ ዘፈን ይሰማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓድ ወጣቶች ሸክላቸውን ይዘው በየአውራጃው ገቡ። የፖሊስ ኦርኬስትራው ዓለማየሁ እሸቴ ፀጉሩን ወደ ላይ አበጥሮ፣ አንገትጌውን አቁሞ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ተባለ። ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተምን የመንግሥት ሞኖፖል ጥሶ ዐምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም መጀመሪያ ያሳተመው የዓለማየሁን ሥራ ነበር። ዓለማየሁ «ተማር ልጄ»ን ሲዘፍን ጭፈራው ውስጥ የሚሰማው ሀብት የሌለው ወላጅ ለልጁ ያለው ብቸኛ ተስፋ ነው። ይህን በየቤቱ ያልሰማ የኢትዮጵያ ልጅ የለም፤ ዘፈኑም ሳይረሳ የቆየው ለዚህ ይመስለኛል።

ለሮክ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የወልዲያው ልጅ አያሌው መስፍን ነው። «ጥቁር አንበሳ» ባንድን ይዞ የሠራቸው ሸክላዎች ላይ ጊታሩ ሻካራ ነው፤ ቤዙ ይገፋል፤ ድራሙ አይለሰልስም። ደርግ አሰረው፤ ከእስር ሲወጣም ለዓመታት ከመድረክ አራቀው። እ.ኤ.አ. በ2018 ናው አጌን ሪከርድስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ሥራዎቹን «ሀሳቤ» በሚል ርዕስ ሰብስቦ ሲያወጣ ሰውየው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አርጅቷል። ያን ሻካራ ጊታር ዛሬ የሚሰማ ወጣት እስሩንና ዝምታውን አብሮ ማወቅ አለበት እላለሁ፤ ካላወቀ ግማሹን ብቻ ነው የሰማው።

በደርግ ዘመን ባንድ መሆን ምን ማለት እንደነበር ለማወቅ የዋሊያስ ባንድን ታሪክ ማየት ይበቃል። ዋሊያስ አዲስ አበባ ሂልተን ለብዙ ዓመታት ይጫወት ነበር። ከሌሎች የሚለየው የራሱ መሣሪያ ስለነበረው ነው፤ የክለብ ባለቤት መሣሪያ ተበዳሪ አልነበረም። ያኔ ሰዓት እላፊ ታውጇል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ይታሰራል፤ ከዚያም የከፋ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ለመደነስ የመጣ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ግጥም ያለው ዘፈን ደግሞ ሳንሱር ፊት መቅረብ አለበት። የሚመረመር ቃል የሌለው ሙዚቃ ነፃነቱ ሰፋ ያለ ነበር፤ ዋሊያስም በመሣሪያ ብቻ የሚሠራ አልበም አወጣ፤ «ቼ በለው» ይባላል፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1977 ነው። ውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው፤ የኒው ዮርክ ሙዚቀኞች ሳይቀሩ በኋላ ተጫውተውታል። ዛሬ ስንሰማው ደስ የሚል፣ ወገብ የሚያንቀሳቅስ ነው። የተሠራበት ከተማ ግን ጠዋት ጠዋት በየመንገዱ ሬሳ የሚታይበት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ይከብዳል፤ ያም ሆኖ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄደ፤ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ከፊሎቹ ቀሩ። ግርማ በየነ ቀርቶ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ፤ ለረጅም ጊዜም ከሙዚቃ ራቀ። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመረ። ዳለስ አየር ማረፊያ ተራ እስኪደርሰው ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ታክሲው ውስጥ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት ቀዳ፤ በልጅነቱ የለመደውን አኮርዲዮን መልሶ አነሳ፤ ከጎኑም የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር አቆመ። ካሴቱን ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ኃይሉ ከታክሲ ወንበሩ ተነስቶ በዓለም መድረኮች ላይ ተመለሰ። ግርማም እ.ኤ.አ. በ2017 «አካለ ውቤ» ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም አወጣ። የአኮርዲዮኑ ድምፅ ለምን እንደዚያ ብቸኛ እንደሆነ ታሪኩን ሳያውቅ የሚጠይቅ አድማጭ ብዙ ነው፤ መልሱ ያለው አገሩን ትቶ በቀረው ሰው ኑሮ ውስጥ ነው።

የሰፈር ልጅ ጊታር እጁ የገባው ግን በሂልተን አዳራሽ አይደለም፤ በቀበሌ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ በየቀበሌውም የኪነት ቡድን ተደራጀ። ማንም መሣሪያ ሊገዛለት የማይችል ልጅ የቀበሌ አዳራሽ ገብቶ ጊታርና ድራም ነካ። እዚህ ላይ ስለ ኪነት ሲነሳ «የፕሮፓጋንዳ ቡድን ነበር» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ እኔ አይዋጥልኝም። እርግጥ የሚዘፈነው ከላይ በታዘዘ ጉዳይ ላይ ነበር፦ የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ የሶማሊያ ወረራ፣ ከ1971 ዓ.ም ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ልጆቹ ግን ዘፈኑን ሲሠሩ በዓይናቸው ያዩት ነገር ነበር፤ ልጇን ወደ ጦር ግንባር የምትሸኝ እናት የማንም ፈጠራ አልነበረችም፤ ጎረቤታቸው ነበረች። በሽበቷ ሀሁ የቆጠረችው አክስትም እውነተኛ ሰው ነበረች። ትእዛዙ የመንግሥት ነው፤ ዕንባው ግን የሰፈሩ ነው። ስንቱ ቀበሌ የሠራው ዘፈን ካሴት ላይ ሳይቀዳ ከአዳራሹ ጋር እንደጠፋ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ክፍለ ሀገርም እንዲሁ ነበር። ጎጃም ላይ ግሽ ዓባይ፣ ወሎ ላይ ላሊበላ፣ ጎንደር ላይ ፋሲለደስ ኪነት ተቋቋሙ። ማሪቱ ለገሠ ከላሊበላ፣ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ከግሽ ዓባይ ወጡ። ከየቦታው የተመረጡ ሙዚቀኞችም በ1980 ዓ.ም «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም ለረሃቡ ጊዜ እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ ብዙ አገር ዞሩ። የወሎን ረሃብ በገዛ አገሩ ያየ ሰው በውጭ መድረክ ላይ ሲዘፍን ለተሰብሳቢው ትርኢት ነው፤ ለራሱ ግን ለቅሶም ነው።

ሳንሱር በ1985 ዓ.ም በፕሬስ አዋጁ ከተሻረ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አሁን ግጥም አስቀድሞ የሚመረምር ሳንሱር የለም፤ ይልቁንም ወጪው ነው የሚያስቸግረው፤ ስቱዲዮ፣ ቅንብር፣ ሚክስ፣ ቪዲዮ ክሊፕ። ለአማተሮቹ በር የከፈተው ጃኖ ባንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጃኖ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ አድርጎታል። ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ድምፃውያን፣ ጭስ የሚመስል ከባድ የሮክ ጊታር፣ ከሥሩ ግን የአገር ቤት ዜማ። ከዚያ በፊት ሮክ ለእኛ አይሆንም የሚል ሰው ብዙ ነበር።

ሮክ ለእኛ ይሆናል፤ ምክንያቱም ቅኝታችን ባለ አምስት ድምፅ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ሁሉም አምስት ድምፅ ብቻ ይዘው አንድ ኦክታቭ ውስጥ ይዞራሉ። ባቲ ማይነር የሚባለው የሮክ ጊታሪስቶች ዕለት ተዕለት ሶሎ ከሚያወጡበት ስኬል ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ሰፈር ውስጥ የሮክ ሶሎ የተለማመደ ልጅ ሳያውቀው ባቲን ተለማምዷል። ትዝታ ማይነርና አንቺ ሆዬ ከዚህ ይለያሉ፤ ግማሽ ድምፅ እየተጠጋ ስለሚመጣ ጣት ያስቸግራል፤ ሻካራ ጊታር ላይ ሲወጣ ግን ማንም የማይኮርጀው ቀለም ይሰጣል። ምቱም ልዩነት አለው። ሮክ በአራት ይቆጠራል፤ ችክችካችን በስድስት ይሄዳል። ድራመሩ ሁለቱን ማስታረቅ የቻለ ባንድ የራሱ ድምፅ አገኘ ማለት ነው።

አንድ የሆነ ነገር ዘፈን ሲሆን ብዙ ነገሩ ይቀየራል። ስም ይጠፋል፤ ቦታ ይሰወራል፤ የተጣላው ጓደኛ ፍቅረኛ ይሆናል፤ ከአገር የወጣው ወንድም «አንተ» ብቻ ተብሎ ይጠራል። ግጥሙ ቤት እንዲመታ አንዳንድ እውነት ይቀነሳል፤ ሰምና ወርቁ እንዲያምር ሌላ ይጨመራል። ይህ ነውር የለበትም፤ የሥነ ጽሑፍ ሕግ ነው። ነውር የሚሆነው የሰው ጉዳት ሳይጠየቅ መድረክ ላይ ሲወጣ ነው። ጎረቤታችሁ የደረሰባትን ሐዘን ከዘፈናችሁባት መጀመሪያ እሷ ትስማው። ላሊበላው እንኳ የሚዘፍንለት ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚዘፍነው፤ በስተጀርባው አይደለም።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር ታሪኩ አለመጻፉ ነው። ካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ ስም ይዘረዘር ነበር፤ ዘፈኑ ከምን እንደተነሳ ግን አንድ መስመር አልነበረበትም። ይህን ጉድለት ቀድሞ ያየው ራሱ ጊታሪስት ነው። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ሌሊት እየተጫወተ ቀን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥ ላይ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚጽፉ ብዙዎች ከዚያ ጽሑፍ ይጠቅሳሉ። ለእኔ እንደ ማንኛውም ሶሎው ትልቅ ሥራ ነው።

ስለዚህ ኮልፌ፣ ጠሮ፣ ሎሚ ሜዳ፣ አለም ባንክ የምትለማመዱ ልጆች፣ የራሳችሁን ዘፈን ስትሠሩ ከግጥሙ ሥር ሦስት አራት መስመር ጻፉ፤ ነገሩ መቼ ሆነ? የት ሆነ? ማን ላይ ደረሰ? ምኑን ቀየራችሁት? እናንተ ደግሞ የቀበሌ ኪነት አባል የነበረ አባት፣ እናት ወይም አጎት ያላችሁ አንባቢዎች፣ የምታስታውሱትን ዘፈን አዚሙልን፣ ታሪኩንም አጫውቱን በሏቸውና በስልካችሁ ቅዷቸው። እነዚህ ሰዎች አርጅተዋል፤ ዘፈኖቹም ሌላ ቦታ አልተቀዱም።